ዐሥራ ዘጠኝ ብሎን

አባታችን ሲሞት ቤቱ ለእኔ፣ ጀልባዋ ለወንድሜ ደረሰች። ሰው ሁሉ "ታድለሽ!" አለኝ። እኔ ግን ዓመት ሙሉ አኮረፍኩ። ቤቱን የሠራው ሌላ ግንበኛ ነው፤ አባቴ አንድ ድንጋይ አላነሳበትም። የእጁ ሥራ ያለው ጀልባዋ ውስጥ ነው። ከታች፣ ሰው ጎንበስ ብሎ በሚገባባት ጠባብ ክፍል፣ አንዱን ጎን ይዞ ከወለል እስከ ጣራ የሚደርስ ቁም ሳጥን አለ። ሳንቃው የተጋጠመበት መስመር እንኳ አይለይም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ስፌቱ የማይታይ ሥራ ሳይ ልቤ ይሰረቃል።

ወንድሜ ኩርፊያዬን ያውቃል፤ ሰው ሲቀየመው እንቅልፍ የሚያጣ ዓይነት ነው። ጀልባዋ ውሃ ማስገባት ጀምራ ለጥገና ወደ ደረቅ መሬት ያወጣት ዕለት ደወለልኝ።

"እታለም፣ ውሃው የሚገባው ከቁም ሳጥኑ ኋላ ሳይሆን አይቀርም። ሳይሰበር ካወጣነው ውሰጂው። የአባዬ እጅ አንቺም ቤት ይኑር።"

"ሳይሰበር ነው እንግዲህ!" አልኩት። ምስጋናዬ እንኳ ትእዛዝ ነበረች።

ጀልባዋ መጠገኛው ግቢ ውስጥ ግራና ቀኝ በባላ ተደግፋ ቆማለች። ወንድሜ በእሷ ሰውና ዕቃ ወደ ማዶ ያሻግራል፤ ሌላ ሥራ የለውም፣ አያውቅምም። ሚስቱና ሁለት ልጆቹ የሚበሉት እሷ ስትንቀሳቀስ ነው። ቶሎ ካልተመለሰች መንገደኞቹ ወደ ሌላ ጀልባ ይሄዱበታል፤ ይህንኑ በየሰዓቱ ይነግረኝ ነበር።

የግቢው ጀልባ ጠጋኝ ሽማግሌ ናቸው። ምክር የጠየቃቸውን ሁሉ "ይቅርብህ" ስለሚሉ የእናት የአባት ስማቸው ተረስቶ አቶ ይቅርብህ ሆነዋል። እያቃሰቱ ወረዱና ቁም ሳጥኑን በጣታቸው አንኳኩ።

"ይቅርብህ። አትነካካው፤ ከውጭ እደፍንልሃለሁ" አሉት ወንድሜን።

"ምነው አባባ?" አልኳቸው፤ ድርሻዬ ሊያመልጠኝ መስሎኝ ደንግጫለሁ።

"እንጃ ልጄ። ብሎኑ በዛብኝ።"

እሳቸው ሲወጡ ሳቅን። ብሎኑ እውነትም በዝቶ ነበር፤ እያንዳንዱ ራስ ላይ ቁራጭ እንጨት ተወትፎበት፣ ቀለም ተቀብቶ። ስንቆጥር ዐሥራ ዘጠኝ ሆነ። ለሳህን ማስቀመጫ! አባታችን አንድ ፎቶ ለመስቀል ሦስት ምስማር የሚመታ ሰው ስለነበር ነገሩን ከጠባዩ ቆጠርነው። የሽማግሌውን ምክርም ጆሮ ዳባ ልበስ አልነው።

የመጀመሪያው ቀን ውታፉን በመሮ በማውጣት አለቀ። ብሎኖቹ በዝገት ተጣብቀው ስለነበር ናፍጣ አጠጥተን አሳደርናቸው። በማግስቱ ወንድሜ መዳፉ እስኪላጥ ታግሎ ዐሥራ አምስቱን ፈታ። የቀሩት አራት ራሳቸው ተበልቶ ካቻቪቴ አልይዝ ስላሉ በመሰርሰሪያ በሳናቸው። ቁም ሳጥኑ ግን ንቅንቅ አልል አለ። አባዬ ለካ በሙጫም አጣብቆታል።

"እታለም፣ በመጋዝ ልገላግለው?"

"ሞቼ እገኛለሁ!"

በሦስተኛው ቀን ዘዴው ከእኔ መጣ። ቀጭን ሽቦ ከኋላው አሾልኬ፣ ጫፍና ጫፉን ይዘን እንደ መጋዝ ወዲህ ወዲያ ስንጎትተው ሙጫውን ይበላው ጀመር። ወንድሜ "ወይ ሰፊዋ!" እያለ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አባታችን ከሞተ ወዲህ አብረን እንደዚያ ስቀን አናውቅም።

ከሰዓት በኋላ ቁም ሳጥኑ ተላቀቀ። ጭረት እንኳ አልነካውም። ተጋግዘን ወደ ክፍሉ መሀል ስንጎትተው ግን ሌላ ድምፅ ሰማን፤ ከጀልባዋ ጎን የሚመጣ ረጅም ሲጥሲጥታ። ወንድሜ አምፖሉን አስጠጋ።

ከኋላው የጀልባዋን ጎን የሚሸከሙት ቋሚ እንጨቶች በስብሰዋል፤ አምስቱም። አንዱን ብነካው ጣቴ እንደ ራሰ ዳቦ ሰርጎ ገባ። ብስባሹ ላይ የድሮ ሬንጅ ፈሶበታል። ሰው እያወቀ ያፈሰሰው ሬንጅ ነው።

አቶ ይቅርብህ ድምፁን ሰምተው መጡ። የቁም ሳጥኑን ጀርባ አገላብጠው አዩት፤ ያን ጊዜ እኛም አየነው። ከላይ እስከ ታች፣ ከጥግ እስከ ጥግ በወፍራም አግዳሚ እንጨት የተወጠረ ነው።

"ይሄ ቁም ሳጥን አይደለም" አሉ። "ድጋፍ ነው። አባታችሁ በር ገጠመለት እንጂ ጎኗን ይዞ የኖረው እሱ ነው። አሁን ባላው ከውጭ ይገፋል፤ ከውስጥ የሚመልሰው የለም።"

"እንመልሰው!" አለ ወንድሜ።

ገፋነው። አልገባም። ጎኗ ወደ ውስጥ ተጣሞ ቦታው አራት ጣት ጠቧል። ወንድሜ ጀርባውን ለጎኗ ሰጥቶ፣ እግሩን ቁም ሳጥኑ ላይ አስደግፎ፣ የአንገቱ ሥር እስኪገታተር ገፋ። "ትንሽ ነው! ትንሽ ነው የቀረው!" ይላል። ሳንቃው ከጀርባው ተሰነጠቀና የቀን ብርሃን ገባ።

"ውጣ ልጄ" አሉት ሽማግሌው።

"አይጠገንም?"

"ይሄን ጎን መጠገን ሌላ ጀልባ መሥራት ነው።"

ወንድሜ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። "አባዬ ያውቅ ነበር?" አለኝ።

ያውቅ ነበር። አባቴን በሞተበት ተቆጣሁት፤ ከሁለታችን በአንዳችን ጆሮ አንዲት ቃል ቢጥል ምን ነበረበት? ከእሱ ይልቅ ግን በራሴ አንጀቴ አረረ። ጀልባዋ በዚያ ድጋፍ ስንት ዓመት ሠርታለች፤ ከውጭ ብትደፈን ገና ትሠራ ነበር። ለወንድሜ ግን "አላውቅም" አልኩት።

ከዚያ ተነስቶ ዕቃውን ማውጣት ጀመረ። እኔ መውረጃው አፍ ላይ ቆሜ ተቀበልኩት፤ ገመዱን፣ ፋኖሱን፣ የተሳፋሪዎቹን መንሳፈፊያ ሰደርያዎች አንድ በአንድ። የልጆቹን ትንንሾቹን ሲያቀብለኝ ቀና ብሎ አላየኝም። በመጨረሻ ክፍሉ ባዶ ሆነና ቁም ሳጥኑ ብቻውን መሀል ቆመ። ወንድሜ በመዳፉ አቧራውን ጠረገለት።

"ያንቺንስ በምን ትወስጂዋለሽ?" አለኝ።

ፊቱን አየሁት፤ የእውነቱን ነበር የጠየቀኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።