ካርዱ ላይ ያልተጻፈው

በእኛ ቤተ ክርስቲያን የተስፋ ቃል ሳጥን የሌላት ሴት የለችም። በዳቦ ቅርጽ የተሠራች ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን ናት። ውስጧ ካርዶች ተደርድረዋል፤ በየካርዱ ላይ ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰደ አንድ ተስፋ አለ። ጠዋት ጠዋት አንዱን እመዝዛለሁ፣ ደስ ይለኛል፣ ቀኔን እጀምራለሁ። ባሌ አዴማር፣ "ዛሬስ ምን ዕጣ ወጣልሽ?" እያለ ያበሽቀኛል። እውነቱን ለመናገር ግን በሃያ ዓመት ውስጥ አንድም ካርድ ተቆጥቶኝ አያውቅም።

ያን ማክሰኞ የወጣልኝ ካርድ ብርሃኔ እንደ ንጋት እንደሚፈነጥቅ የሚናገር ነበር። በዚያ ወር ሲወጣልኝ ሦስተኛው ነው። የመዘምራኑ መሪ ነኝና፣ ከሰዓት በኋላ በሴቶች ጥናት ላይ ተነሥቼ ድምፄን አሳምሬ አነበብኩት። ሴቶቹም አሜን አሉ።

አስተማሪያችን ወንድም አብዲያስ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፣ ጡረታ የወጡ ግንበኛ ናቸው።

"ግሩም ነው እህት ኢራሲ። እስቲ መጽሐፉን ግለጪና ከላይና ከታች ያለውንም አንብቢልን።"

"ካርዱ ላይ ያለው ይኸው ብቻ ነው፣ ወንድም አብዲያስ።"

"ካርዱን የቆረጠው ማተሚያ ቤት ነው። እግዚአብሔር ሲናገር አልቆረጠውም።"

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁና ኢሳይያስን ገለጥኩ። ከላይ ያለው እንጀራን ለተራበ ስለ መቁረስ ነው፤ እሱን ጮክ ብዬ አነበብኩ። ከዚያ ወደ ታች ወረድኩ። ያ ሁሉ ብርሃን የሚመጣው ጣት መቀሰርንና በሰው ላይ ክፉ ማውራትን ከተዋችሁ ነው ይላል። "መነጽሬን ረስቼ መጥቻለሁ" አልኩ። መነጽሩ አፍንጫዬ ላይ ነበር።

ጣቴን የቀሰርኩት በገዛ እህቴ ላይ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ በሰኔ ወር በሚከበረው የቅዱስ ዮሐንስ በዓል ምሽት፣ ታናሽ እህቴ ዣንዲራ አኮርዲዮን ወደሚጫወቱበት የጭፈራ ድንኳን ገባች። ጭፈራ በእኛ ዘንድ ከኅብረት ያሳግዳል። የገባችው ግን ሰካራም ባሏን ቶኒኮን ጎትታ ለማውጣት ነበር፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ያኔ መዘምራኑን የምትመራው እሷ ነበረች፣ ድምጿም ከእኔ ይበልጣል። ቀናሁባት። በጉባኤ ፊት ተነሥቼ ስትጨፍር አየኋት አልኩ። እሷ ታገደች፣ እኔ ቦታዋን ያዝኩ። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን አልረገጠችም፤ መንገድ ላይ ብንገናኝም ሰላምታ የለንም።

ከጥናቱ በኋላ ወንድም አብዲያስን በር ላይ ያዝኳቸው።

"አንዱን ቃል ተቀብሎ ሌላውን ማለፍ ያን ያህል ከባድ ነገር ነው?"

"ልጄ፣ ደስ ያለንን ብቻ መርጠን የምንታዘዝ ከሆነ ጌቶቹ እኛ ነን ማለት ነው።"

ሌላ ምንም አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝ እዋሽ ነበር።

ሦስት ቀን እህል አልወረደልኝም። መሪነቴን እንደማጣ አውቃለሁ፤ የከተማው ወሬኛም እንደማይለቀኝ አውቃለሁ። አርብ ዕለት ግን ከራሴ ጋር መከራከሩ ሰለቸኝ። ቃሉ እውነት ነው እያልኩ ሃያ ዓመት ዘምሬያለሁ፤ እውነት ከሆነ ለእኔም እውነት ነው። ጫማዬን አጠለቅኩና ሄድኩ።

ዣንዲራ ጓሮዋ ተቀምጣ በቆሎ ትፈለፍላለች።

"መንገድ ጠፍቶሽ ነው?" አለችኝ።

"አልጠፋኝም። ያኔ ዋሽቼብሻለሁ፤ ይህንኑ ልነግርሽ መጣሁ።"

ሁሉንም ነገርኳት። እጇ ሥራውን አላቆመም።

"አውቃለሁ" አለች። "ቶኒኮን ስጎትት አጥሩ ጋ ቆመሽ አይቼሻለሁ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"እማማ በሕይወት ነበረች። ሁለቱ ልጆቿ በሰው ፊት ሲካካዱ ትይ?"

እዚያው የበቆሎው ልጣጭ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። አላባበለችኝም። እስክጨርስ ጠበቀችና፣ "ለእኔ ብቻ መንገርሽ አይበቃም። ያኔ የተናገርሽው በጉባኤ ፊት ነው" አለች።

እሑድ ተነሣሁ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገርኩ። ፓስተሩ ዣንዲራ ያለጥፋቷ መቀጣቷን ለሁሉም አሳወቁ፤ የእኔንም ቅጣት እዚያው ወሰኑ። አንዳንዱ አዘነልኝ፣ አንዳንዱ ፊቱን አዞረ። እኔ ግን እፎይ አልኩ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ አየር እስከ ሆዴ ድረስ ሲገባ ተሰማኝ፤ ደስታዬን መደበቅ ስላቃተኝ ቅጣቱ እየተነገረ ፈገግ አልኩ።

ስወጣ ዣንዲራ ከመንገዱ ማዶ ጥላ ሥር ቆማለች።

"ያንቺ ድምፅ በመስኮት ይሰማል" አለች። "የፓስተሩን ግን አልሰማሁም። ምን ፈረዱብሽ?"

"ሦስት ወር ከመዘምራን መታገድ። የምቀመጠውም የመጨረሻው ወንበር ላይ ነው፣ ብቻዬን።"

"እንግዲያው እትዬ፣" አለች፣ "የሚቀጥለው እሑድ ቦታ ያዢልኝ።"