የጎፈር አንገት

«ዘወር በይ ብያለሁ፤ ምሳር ዓይን የለውም» አሉ አያ አረጋ።

«ምሳሩ ባይኖረው እርስዎ አለዎት» አለች ሰገነት፣ ከውሻው አጠገብ እንደተንበረከከች። ዘወር አላለችም።

በበረቱ በር ከቆሙት ጎረቤቶች አንዱ ሳቁ አመለጠውና መልሶ ዋጠው።

ጎፈር የአክስቷ የእትዬ ዘነቡ የበግ ውሻ ነው። ከአሸተን ማርያም በታች ባለው ደጋ፣ ውርጩ ድንጋይ ሲሰነጥቅ እንኳ ከበጎቹ ጋር ደጅ ያድራል። ፀጉሩ ድርብ ነው፤ ከላይ ረጅምና ሻካራ፣ ከሥር እንደ ሱፍ የታጨቀ። ሰሞኑን ግን ለሃጩ ይዝረበረብ ጀመር። ውሃ ሲያቀርቡለት አፉን ነክሮ እየተናነቀው ይሸሻል። ትናንት ደግሞ የአያ አረጋን ጥጃ ጥርሱን አግጦ አባረረ። ውሃ የፈራ ውሻ ምን ማለት እንደሆነ ለዚያ አገር ሰው አይነገረውም፤ አያ አረጋ ታናሽ ወንድማቸውን የቀበሩት እንዲህ ያለ ውሻ ነክሶት ነው። ስለዚህ ዛሬ ምሳር ይዘው መጡ፤ እትዬ ዘነቡ ደግሞ ወደ ላሊበላ ደውለው ሰገነትን ጠሩ።

ሰገነት ከተማ ውስጥ የአንድ ባለ ሆቴል ሁለት ፀጉራም ውሾችን ታጥባለች፣ ታበጥራለች። ሥራውን ማንም አላስተማራት፤ ከስልኳ አይታ፣ ተነክሳም ተምራ ነው። መንደሩ «የውሻ ሹሩባ ሠሪ» ይላታል። እሷም «ውሻ ከእናንተ ሚስቶች ይልቅ አንገቱን አሳርፎ ይሠራል» ብላ ትመልሳለች።

አሁንም ቃል አላጠራትም። ያበደ ውሻ ቤቱን ጥሎ ይጠፋል፣ ይሄ ግን ከበጎቹ አልተለየም አለቻቸው፤ ሲነኩት የሚደብቀው አንገቱን ነው፣ ከፀጉሩ ሥር አንድ ነገር አለ።

«ነገሩ ከፀጉሩ ከሆነ እንደ በግ ይሸለትና ይታያ» አሉ አያ አረጋ።

«ከተሸለተማ የዛሬው ውርጭ ለእርስዎ ምሳር ሥራ አይተውለትም። አበጥሬ ላሳይዎት።»

አያ አረጋ ወደ ፀሐይዋ አዩ። የበረቱ ጥላ ከቤቱ ደፍ እስኪደርስ ፈቀዱላት፤ ከዚያ በኋላ ማንንም እንደማይሰሙ ተናገሩ።

የአክስቷን መቀነት ተቀብላ አፉን አሰረች። ከአንገቱ አልጀመረችም፤ ሰውም ቢሆን ቁስሉን መጀመሪያ የነካበትን አያምንም። ከጭኑ ተነሣች። ፀጉሩን በአንድ እጇ ወደ ላይ ገልጣ ይዛ፣ ከሥር ጥቂት ጥቂቱን ወደ ታች እየለቀቀች በሽቦ ብሩሹ አወረደችው። ቆዳው እንዳይጎተት ቋጠሮውን ከሥሩ ጨብጣ ጭጎጎቱን በጣቷ ፈለቀቀች። የሞተው የሥር ፀጉር በእፍኝ እየወጣ ነፋሱ ወደ ገብሱ ማሳ ወሰደው። ጎፈር ዓይኑን ጨፈን አደረገ። ጥላው ግን አልጨፈነም፤ ወደ ደፉ ይሳባል።

ትከሻው ጋ ስትደርስ መንቀጥቀጥ ያዘው። ትንፋሹ እንደ ተቀደደ ወናፍ ሲጢጥ ሲል ሰማችና መቀነቱን ፈታች።

«ምን እያረግሽ ነው አንቺ?» አያ አረጋ ምሳሩን አነሡ።

«ታፍኖ ሊሞት ነው።»

ብሩሹ ከጆሮው በታች አንድ ጠንካራ ነገር ያዘ። ጎፈር ዞረ። ጥርሱ የእጇ አንጓ ላይ ሲገባ ሰገነት ድምፅ አላወጣችም፤ ነጠላዋን ጎትታ እጇ ላይ ጣለች። ጀርባዋን ለሰዉ ሰጥታ ነበርና ያየ ሰው አልነበረም። በሌላው እጇ ፀጉሩን ገልጣ ቆዳው ውስጥ የሰመጠ ክር አገኘች። መቀሷን ከሥሩ አስገብታ ቆረጠችው፤ ከመግልና ከደም ጋር ወጣ።

የተገመደ ቀይና ጥቁር ክር ነው። ጎፈር ቡችላ ሳለ ያየው ሁሉ «አቤት ፀጉር» ይል ነበርና፣ ዓይን እንዳይበላው የታሰረለት። ውሻው አደገ፤ ክሩ አላደገም። ፀጉሩ ሸፈነው፣ ሰውም ረሳው። እትዬ ዘነቡ የነጠላቸውን ጫፍ ነክሰው ፊታቸውን ወደ በረቱ አዞሩ። ማን እንዳሰረው ለመጠየቅ የደፈረ አልነበረም።

ጎፈር ወደ ገበቴው ሄደ። አንድ ጊዜ ሳል አለና ጠጣ። ድምፁ ለሁሉም ተሰማ።

«ታንቆ ነው ለካ» አሉ አያ አረጋ። ምሳሩ ወረደ። «በይ፣ ረታሽን፤ አንቺ የውሻ ሹሩባ ሠሪ።»

ይህን ቃል ስትጠብቅ ኖራለች። አሁን ግን ከነጠላው ሥር አንጓዋ እንደ ከበሮ ይመታል። ክሩ ለሃጩን ያስረዳል፣ ውሃውንም ያስረዳል። ግን ጎፈር ሌት ሌት ከቀበሮ ጋር የሚናከስ ውሻ ነው፤ ታንቋል ማለት አላበደም ማለት አይደለም። ዝም ብትል ውሻው ተረፈ፣ እሷም ረታች፤ ሐኪም ቤቱንም ተደብቃ ትደርስበታለች፣ ጎፈር ግን ሳይታሰር ከበጎቹና ከልጆች መሀል ያድራል። ብትናገር ምሳሩ ይነሣል። ጎረቤቶቹ ለመሄድ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ነው።

ነጠላዋን ገለጠች።

«ነክሶኛል፣ አያ አረጋ።»

እትዬ ዘነቡ «ወይኔ ልጄን» ብለው ደረታቸውን ያዙ። አያ አረጋ የምሳሩን እጀታ ጠበቅ አደረጉት።

«አሁኑኑ ላሊበላ ሐኪም ቤት ወርጄ መርፌውን እጀምራለሁ» አለች ሰገነት። «እስኪለይለት እንዳይገደል፣ እንዳይለቀቅም። እትዬ ያዝኑለታል፣ ይፈቱታል። እርስዎ ግቢ ይታሰር። ካበደ እርስዎ ያውቁበታል። ካላበደ ይመልሱልኛል።»

«እኔ? እኔ ነኝ የምጠብቀው?»

«ከእርስዎ ሌላ ማንን ልመን? ሌላው ይረሳዋል።»

ገመድ አምጥታ፣ የጎፈርን አንገት ሳትነካ ከፊት እግሮቹ ኋላ በደረቱ ዙሪያ አሰረችው። አያ አረጋ እጃቸውን አልዘረጉም፤ አልሸሹምም። ሰገነት የገመዱን ጫፍ መዳፋቸው ላይ አኖረችና ንክሻውን የምታጥብበት ሳሙና ፍለጋ ወደ ቤት ገባች።