ግማሽ ፍላኔል

ልብስ ሰፊዋ ሚስት ብርድ አይስማማትም፤ ዳቦ ጋጋሪው ባሏ ደግሞ ሙቀት ጠላቱ ነው። አንሶላ ሊገዙ ገብተው ሱቁን ቀወጡት። እሷ ፀጉራሙን ፍላኔል ጉንጯ ላይ አድርጋ «እፎይ!» ስትል፣ እሱ ቱግ አለ።

«ቀኑን ሙሉ ምድጃ አፍ ላይ ውዬ፣ ማታ ደግሞ እኔው ልጋገር? ስስ ጥጥ ካልሆነ ሶፋ ላይ ነው የማድረው!»

እሷም ነገሩን በሙያዋ ጨረሰችው። ሁለቱንም አንሶላ ገዝታ፣ እቤት እንደገባች መሀል ለመሀል በመቀስ ሰነጠቀችና ግማሹን ፍላኔል ከግማሹ ጥጥ ጋር ሰፋችው። ፍላኔሉን በግድግዳው በኩል፣ በራሷ ቦታ አነጠፈች።

«ይኸው ስፌቱ ድንበራችን ነው» አለችው።

«ብቻ አንቺ እንዳትሻገሪ!» አለ ተኮፍሶ።

በማግስቱ ከሥራ ስትመለስ ባልየው ቀድሟት ገብቶ ጋደም ብሏል። ብርድ ልብሱን ገለጥ ብታደርግ፣ ፍላኔሉ ላይ እንደ ድመት ተጠቅልሎ ያንኮራፋል። ጥጡ አንድ እጥፋት እንኳ የለበትም።

«አንተ! ድንበሩስ?» ብላ ነቀነቀችው።

አንድ ዓይኑን ከፍቶ ስፌቱን ገረመመው።

«አጣመሽ ሰፍተሽው ነዋ!» አላትና ቦታ ሊለቅላት ጠጋ አለ፤ ወደ ግድግዳው።