ከደብረወርቅ የመጣው ሣጥን

ስልኩ ሲጮኽ ንግሥቲ የተዝካሩን ብቅል ሰሌን ላይ አስጥታ ዶሮ እየከለከለች ነበር።

ተዝካሩ የልጇ የደብረወርቅ ነው። ደብረወርቅ ከአራት ዓመት በፊት በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ወጥታ ካርቱም በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ የደወለችው በስቅለት ዕለት ነው። «ስግደት ላይ ትሆኛለሽ ብዬ ነበር፤ ስልክ ይዘሽ ነው እንዴ የምትሰግጅው?» ብላ ሳቀችባት። ትንሽ ገንዘብ ካጠራቀመች ወደ ዱባይ ልትሻገር እንዳሰበች ነገረቻት፤ «ለፋሲካ እደውላለሁ» አለች። በማግስቱ፣ በቅዳም ሥዑር፣ ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሣ ተባለ። ያን ፋሲካ ጨምሮ ሦስት ፋሲካ አለፈ፤ ደብረወርቅ አልደወለችም።

በመጀመሪያው ዓመት ሰው ሁሉ «ትደውላለች» ይል ነበር። በሁለተኛው ዓመት ስሟን ማንሣት ተወ። በሦስተኛው ዓመት የንግሥቲ ታላቅ ወንድም መሪጌታ ዓለምብርሃን፣ የቁሐር ሚካኤል የዜማ መምህር፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጥተው መደቡ ላይ ተቀመጡ። «ነፍሷ ስንቅ ትሻ እንደሁ ማን ያውቃል?» አሉ። ንግሥቲ ሳምንት ሙሉ አለቀሰች፤ ከዚያ እሽ አለች። የሩዙ አጨዳ ጋብ ሲል፣ በታኅሣሥ ሚካኤል እንዲሆን ቀን ተቆረጠ። ለካህናቱና ለድግሱ የሚሆነውን ገንዘብ በጨርቅ ቋጥራ ከሣጥኗ ሥር አኖረችው። ብቅሉንም አበቀለች።

ስልኩን አነሣችው።

«ሀሎ፣ እናቴ፤ ብሥራት እባላለሁ። የምደውለው ከአዲስ አበባ፣ ከዕቃ አድራሽ ድርጅት ነው። በእርስዎ ስልክ ቁጥር ከውጭ አገር የተላከ ሣጥን እኛ ዘንድ ደርሷል።»

«ከውጭ? ማን ልኮት?»

«ውጭ የሚኖር ቤተሰብ የለዎትም?»

«ልጄ… ደብረወርቅ ናት?»

«አዎ፣ ደብረወርቅ።»

«ከዱባይ?»

«ከዱባይ ነው፣ እናቴ። ትልቅ ሣጥን ነው። ልብስ አለበት፣ ስልክ አለበት፤ ወርቅም ሳይኖርበት አይቀርም።»

ንግሥቲ ባለችበት ቁጢጥ አለች። መጀመሪያ የመጣባት ደስታ አልነበረም፤ ድንጋጤ ነበር። ሰው ለራሱ የቁም ተዝካር ማውጣቱ ያለ ነገር ነው። ልጇ በሕይወት እያለች «ሞታለች» ብላ ብቅል ያሰጣች እናት ግን በቁሐር ሚካኤል ተሰምታ አታውቅም። ደብረወርቅ ዱባይ ተቀምጣ ለእናቷ ልብስ እያጠፈች ሣጥን ውስጥ ስትከት፣ እሷ እዚህ የሙቷን ጠላ ልትጠምቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ሰውየው የተናገረውን ሁሉ የሰማችው በዚህ ድንጋጤ ውስጥ ሆና ነው። ዐሥራ አራት ሺህ ብር ቀረጥ አለበት አለ። ዛሬ ካልተከፈለ ሣጥኑ ወደ ላኪዋ ይመለሳል አለ። ወርቅ ስላለበት ሌባ እንዳይሰማ ለማንም አይንገሩ አለ።

ሣጥኑ ዱባይ ተመልሶ ደብረወርቅን «እናትሽ አልተቀበለችም» ሲሏት ታያት።

«አይመለስም» አለች። «ዛሬውኑ እልካለሁ፣ ልጄ።»

ብቅሉን ለዶሮዎቹ ትታላቸው ገባች። ከሣጥኗ ሥር ቋጠሮውን አወጣች። ለሙት የተቋጠረ ገንዘብ ለሕያው ሲሆን ምን ኃጢአት አለበት? እንዲያውም ኃጢአቷን የሚፍቀው ይኸው ነው ብላ አሰበች።

በባጃጅ ወረታ ገባች። የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገዶች ከሚገናኙበት አለፍ ብሎ አሸናፊ የሚባል የአገሯ ልጅ ሱቅ አለው፤ ሳሙናና ባትሪ ይሸጣል፣ በስልክም ገንዘብ ይልካል። ብሩን ተቀብሎ ቁጥሩን መታና ቀና አለ።

«ስልኩ ‹ደረሰ› የሚል ስም ነው የሚያሳየኝ። የሚልኩለት ሰው ደረሰ ነው የሚባል፣ እትዬ?»

የደወለው ብሥራት ነኝ ነበር ያለው። ገንዘብ ተቀባዩ ሌላ ይሆናል ብላ ለራሷ መለሰች።

«አዎ፣ ደረሰ። ዘመዴ ነው።»

በሦስተኛው ቀን ብሥራት እንደገና ደወለ። ሣጥኑ ተፈትሾ ወርቁ ስለተገኘ የመድን ሃያ ሁለት ሺህ ብር ያስፈልጋል፤ ያ ከተከፈለ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደውሎ ሣጥኑ በየትኛው መኪና እንደተጫነ ይነግራታል። ንግሥቲ የቀራት ጊደሯ ነበረች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘች የፎገራ ጊደር። ከብት ነጋዴው ቢሻው ጥድፊያዋን አይቶ ዋጋ ሰበረባት፤ አልተከራከረችም።

አሸናፊ በዚህኛው ቀን ገንዘቡን ቶሎ አልነካውም።

«እትዬ ንግሥቲ፣ አይቆጡኝና፣ ሰሞኑን ዕቃ መጣልዎ እያሉ ሰው የሚያራቁቱ አሉ። ባለፈው አንዲት እናት…»

«አንተ የተላክኸውን ላክ። ድርሻህን ታገኝ የለም እንዴ?»

«እሱስ አገኛለሁ።»

«እንግዲያው ምን ያስለፈልፍሃል? ሴት ነጋዴ ሆንኽ እኮ!»

አሸናፊ ፊቱ ቀላ፤ ላከው። ንግሥቲ ስትመለስ ባጃጁ ውስጥ ለብቻዋ ፈገግ ትል ነበር። ከመንገዱ ግራና ቀኝ የታጨደ ሩዝ በየማሳው ተነባብሮ ቆሟል።

ቤት ስትደርስ መሪጌታ ደጃፏ ላይ ቆመው ባዶውን ሰሌን ያያሉ።

«ብቅሉ የት ገባ?»

«ዶሮ በላው።»

«ሁሉንም?»

«ተዝካር የለም፣ ወንድምዓለም። ልጄ አለች!» አለችና እየሳቀች አለቀሰች። አትንገሪ የተባለችውን ረስታ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ሣጥኑን፣ ዱባይን፣ ወርቁን፣ ጊደሯን። መሪጌታ አላቋረጧትም። ስትጨርስ መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀመጡ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ደብረወርቅ ብሎ ስሟን አስቀድሞ የጠራ ማን ነው? እሱ ነው ወይስ አንች?»

«እሱ… እሱ ነው እንጅ!»

«ረጋ ብለሽ አስቢ።»

ንግሥቲ አሰበች። ፊቷ ቀስ እያለ ተለወጠ። «እኔ ብለውስ ምን አለ? አዎ አለኝ እኮ።»

«ዱባይንስ?»

ፊቷን ወደ ባዶው ሰሌን አዞረች።

«ቃሉን ያልያዘ ተማሪ በጉባኤ ሲያዜም» አሉ መሪጌታ፣ «አፉን ከጓደኞቹ ኋላ ኋላ ያስከትላል። ላየው ሰው የሚያውቅ ይመስላል። የሚያዘው ጓደኛው ሲስት አብሮ ሲስት ነው። የደወለ እንደሁ ድምፁን ወደ ውጭ አውጭውና ስም ለውጠሽ ጠይቂው።»

«በልጄ ላይ የሰው ስም አልጠራም።»

«አንድ ጊዜ ብቻ።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ፤ ድምፁን ወደ ውጭ አውጥታ አነሣችው። ብሥራት በሰዓቱ ነው የደወለው። «እናቴ፣ መድኑ ደርሶናል፣ ተባረኩ። አሁን የቀረው የመጫኛ ብቻ ነው።»

ንግሥቲ ወንድሟን አየች። መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«መባ ደኅና ናት?» አለች፤ ወዲያው ደገመችው። «ልጄ መባ ደኅና ናት ወይ?»

«መባ በጣም ደኅና ናት፣ እናቴ። እሷም ሣጥኑ ዘገየ ብላ ተጨንቃለች። ዛሬ ጠዋት እንኳ ደውላልን ነበር።»

መሪጌታ ዐይናቸውን ጨፈኑ። ንግሥቲ ግን ስልኩን አልዘጋችውም።

«ሣጥኑ» አለች፣ «ሣጥኑ ምን ዓይነት ነው?»

«ቢጫ ነው፣ እናቴ። ትልቅ ቢጫ ሣጥን።»

«በገመድ አስራዋለች?»

«በደንብ አድርጋ ነው ያሰረችው።»

መሪጌታ እጃቸውን ዘርግተው ስልኩን ከእጇ ላይ በቀስታ ወሰዱና ዘጉት።

«ቢጫ ነው አለ» አለች ንግሥቲ።

«ሰማሁ።»

መሪጌታ ተነሡ። «የዛሬው ገንዘብ ገና ከሒሳቡ አልወጣም ይሆናል። ቶሎ ካመለከቱ ይታገዳል ሲባል ሰምቻለሁ። ነይ፣ ወረታ ፖሊስ ጣቢያ እንድረስ፤ ገና ቀን ነው።»

«ነገ።»

«ነገማ አውጥተው በልተውት ያድራሉ! ጊደርሽ እኮ ናት፣ ንግሥቲ!»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ነገ ምን ይጨምርልሻል?»

«ልጄ አንድ ሌሊት ዱባይ ትደር» አለች።

መሪጌታ መቋሚያቸውን አንሥተው ነበር፤ መልሰው አስደገፉት። እስኪመሽ አብረዋት ተቀመጡ።

በማግስቱ ማለዳ ሁለቱ ወረታ ገቡ። በመጀመሪያ አሸናፊ ዘንድ ሄዱ፤ እሱም የሁለቱንም ቀን የመላኪያ ቁጥር በወረቀት ጻፈላቸው። «ያኔ ምላስዎት ስለታም ነበር» አለ፤ ወዲያው በተናገረው ተጸጸተና ሱቁን ዘግቶ አብሯቸው ሄደ። ጣቢያው ላይ የተቀበላቸው ሳጅን ሰውመሆን የሚባል ዝግ ያለ ሰው ነው። የመላኪያ ቁጥሮቹን አየ፣ የደዋዩን ቁጥር መዘገበ፣ ገንዘቡ የገባበት ሒሳብ እንዲታገድ ወዲያው ደብዳቤ አጻፈ። «ተጨማሪ ላኩ ቢሉዎት፣ ወይም ገንዘብዎን እናስመልሳለን ብሎ ሌላ ሰው ቢደውል፣ ያም ሌባ ነውና እንዳይሰሙት፤ ለማስመለስ ብለን እኛ ገንዘብ አንጠይቅም» አላት። ከዚያ ቃሏን እየጠየቀ ጻፈና አነበበላት።

«‹…ልጄ ደብረወርቅ ምንም ዓይነት ዕቃ ሳትልክልኝ፣ እንደላከች አስመስለው በማታለል…›»

«እሱን ተወው፣ ልጄ» አለች ንግሥቲ።

«የቱን?»

«ሳትልክልኝ የሚለውን። ሌላው እንዳለ ይሁን።»

ሳጅኑ ብዕሩን አስቀመጠ። «እናቴ፣ እሱ ከወጣ ክሱ ምንድን ነው? ልጅዎ ልካ ከሆነ እኮ ሰዎቹ አላታለሉዎትም ማለት ነው።»

ንግሥቲ መሪጌታን አየች። መሪጌታ መሬት መሬት ያያሉ። አሸናፊ ወደ በሩ ዞሯል። የሚረዳት ሰው እንደሌለ ስታውቅ አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ አድርጋ ወረቀቱ ላይ ተጫነችው። ብዙ ስለቆየች ሳጅኑ «በቃ፣ ደርሷል» ሲላት ነው ያነሣችው።

ጎረቤት ነገሩን ከፊሉን ሰማ፤ ጊደሯን ሌባ እንዳስበላት፣ መሪጌታም ሊያስመልሱላት እንደሚሯሯጡ። ስለ ሣጥኑ ማንም አልጠየቃትም፣ እሷም አልተናገረችም። ታኅሣሥ ሚካኤል ሲደርስ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ተሳልማ ተመለሰች። ሰው ተዝካሩ የቀረው በገንዘቡ ምክንያት ነው አለ።

ከዚያ በሳምንቱ አውድማው ላይ ሩዝ ሲወቃ አሸናፊ ራሱ በባጃጅ መጣ። ከመንገዱ ጀምሮ እጁን እያወዛወዘ ነው የሚሮጠው።

«እትዬ ንግሥቲ! እትዬ! ተገኘ!»

ንግሥቲ የያዘችው የመዝሪያ ላይዳ ከእጇ ወደቀ። «ምኑ?»

«ገንዘብዎ ነዋ! ሁሉም አይደለም፣ የመጀመሪያው አልፏል። ከጊደሯም አብዛኛውን ያን ሌሊት አውጥተውታል። ዘጠኝ ሺሁ ግን ታግዶ ነበር፤ ዛሬ በእኔ ሱቅ በኩል ተመለሰ። ሰዎቹም ተይዘዋል። ሳጅኑ ‹እኔ ራሴ ሰምቻቸዋለሁ፣ ሣጥን የሚባል ነገር ጭራሽ አልነበረም፤ ዕቃም የላቸው፣ ቢሮም የላቸው፣ ያለቻቸው ስልክ ብቻ ናት› ብሎኛል። እንኳን ደስ አለዎት!»

ከሴቶቹ አንዷ እልል አለች፤ ሌሎቹም ተቀበሏት።

ንግሥቲ አልሰማቻቸውም። ሰዎቹ መያዛቸውን፣ ሣጥኑም እንዳልነበረ መናገራቸውን ብቻ ሰማች። መርዶ እንደ ተረዳ ሰው አልጮኸችም። መጀመሪያ ገለባው ላይ በቀስታ ተቀመጠች፤ ነጠላዋን ከራሷ ላይ አውርዳ ወገቧ ላይ አሰረችው፤ ከዚያ በሁለት እጇ ደረቷን እየመታች «ደብረወርቅ! ወይኔ ደብረወርቄ! ወይኔ ልጄ!» ስትል እልልታው እንደ ተቆረጠ ክር ቆመ።

ድምፁን የሰማ ከየማሳው መጣ። መርዶ ነው ብሎ የሮጠም ነበር። ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ፤ አሸናፊ ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞረ «ኧረ ገንዘቡ ነው የተመለሰ! ማንም አልሞተም! ገንዘቧ ነው!» ይላል።

መሪጌታ ዓለምብርሃን ከሚያስተምሩበት ዛፍ ጥላ፣ ተማሪዎቻቸውን ጥለው መጡ። ሴቶቹ መንገድ ለቀቁላቸው። ከመካከላቸው አሮጊቷ እማሆይ ደብሬ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ ጠየቋቸው።

«የኔታ፣ ግራ ገባን እኮ። እግዜር ያጥናሽ ነው የምንላት ወይስ እንኳን ደስ አለሽ?»

መሪጌታ እህታቸውን አዩ። በአውድማው መካከል እየተወዛወዘች አንድ ስም ብቻ ትጠራለች። ካህን ናቸው፤ ሰው ሲሞት የሚባለውን ያውቃሉ፣ ሰው ሲድንም የሚባለውን ያውቃሉ።

«ምንም አትበሏት» አሉ። «ዝም ብላችሁ አብራችኋት ተቀመጡ።»

እሳቸው ቀድመው ገለባው ላይ ተቀመጡ። ሰውም ዙሪያዋን ተቀመጠ።