የሲ ቡዓዛ የበለስ አጥር

በግብርና ማሠልጠኛ ተማሪ ሳለን የምሳ ሰዓት ዜና ማየት ግዴታ ነበር። ዳይሬክተሩ "የአገራችሁ ገበሬ ምን እንደገጠመው ሳታውቁ ምን ልታስተምሩት ነው?" ብለው ቴሌቪዥኑን በመመገቢያ አዳራሹ ግድግዳ ላይ አሰቅለውታል። እኛ ደግሞ ለእያንዳንዱ ዜና መልስ ነበረን። ዝናብ ዘገየ ሲባል አንዱ "መቼ በሰዓቱ መጥቶ ያውቃል?" ይላል። የወይራ ዘይት ተወደደ ከተባለ ዙሄር ዳቦውን ብድግ አድርጎ "እንግዲህ በደረቁ ነዋ!" ይላል። ዙሄር የካዛብላንካ ልጅ ነው። ላም ያየው እዚህ ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ ነው እያልን እናበሽቀው ነበር።

አንድ ቀን ምስር እየበላን ዜና አንባቢዋ ስለ በለስ አነሳች። ጥጥ የሚመስለው ነጭ ተባይ ከዱካላ አውራጃ አልፎ ረሓምና ገብቷል፤ የተያዘው ቁልቋል ሁሉ ተነቅሎ ይቃጠላል አለች። ጥቁር ጭስ ታየ።

"እሰይ!" አለ ዙሄር። "የሆድ ድርቀት ከአገራችን ጠፋ በሉኛ!"

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። በለስ አብዝቶ የበላ ምን እንደሚያገኘው የማያውቅ አልነበረም። ያልሳቀችው ጊዝላን ብቻ ናት። አንድ ክፍል አብረን የምናድር ጓደኛዬ ነበረች፤ የረሓምና ልጅ። ማንኪያዋን አስቀምጣ ተነሳች።

"ዙሄር፣ እኔን ያስተማረኝ ይሄ የምትስቅበት በለስ ነው። ያደረግኩትን ጫማ ሳይቀር የገዛልኝ እሱ ነው" ብላው ወጣች።

"ኧረ ለቀልድ ነው…" አለ ዙሄር። ምስሩን ትቶ ተከትሏት ሮጠ።

ከሰዓት በኋላ ክፍል ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም። አንዱ በሳሙና ውሃ ይረጭ አለ፤ ሌላዋ ተባዩን የሚበላ ጥንዚዛ ይምጣ አለች። መምህራችን ሁሉንም ሰምተው፣ "ገና ላልተያዘው ይሆናል። ለተያዘው ግን እሳት ብቻ ነው" አሉን።

"አባቴ የበለስ አጥራችንን አላስነቅልም ብሏል" አለች ጊዝላን። "ደውዬለት ነበር። ገጀራ ይዞ የመጣ ሰው ካየሁ ውሻ እለቅበታለሁ አለ። ከእኛ አጥር ወደ ጎረቤት መዛመቱ እኮ ነው።"

"እኛ እንሂዳ!" አለ ዙሄር።

"አንተ? ገጀራ በየት በኩል እንደሚያዝ ታውቃለህ?"

"ታሳዪኛለሽ።"

ቅዳሜ ጠዋት መምህራችን በትምህርት ቤቱ ሚኒባስ ይዘውን ሄዱ። ባለፈው ክረምት እረፍት እዚያ ቤት ሰንብቼ ነበር። ያኔ አጥሩ ከሰው ቁመት በላይ ነበር፤ ጎህ ሳይቀድ ተነስተን፣ ጤዛው እሾሁን እንዳለሰለሰው፣ ጫፉ በተሰነጠቀ ሸምበቆ ፍሬውን እየጠመዘዝን እናወርዳለን። እዚያው ተልጦ ሲበላ፣ ከሌሊቱ ቅዝቃዜ ጋር እንዴት ይጣፍጥ እንደነበር! አሁን የጠበቀን ዱቄት የተነፋበት የሚመስል፣ ቅጠሉ ተጨማዶ ወደ መሬት ያጎነበሰ ነገር ነበር።

የጊዝላን አባት ሲ ቡዓዛ በሩ ላይ ወንበር አውጥቶ ተቀምጧል።

"እንኳን ደህና መጣችሁ ልጆቼ። ሻይ ጠጡና በሰላም ተመለሱ" አለን።

የናና ሻያችንን ጠጣን። ማን ወሬውን ይጀምር ብለን ስንተያይ ዙሄር ወደ አጥሩ ሄዶ ነጩን ነገር በጣቶቹ ጨፈለቀው። እጁ በአንድ ጊዜ ደማቅ ቀይ ሆነ።

"ኧረ ደማሁ! ነከሰኝ!" ብሎ ጮኸ።

ሲ ቡዓዛ በሳቅ ፈረሰ። "የተባዩ የራሱ ቀለም ነው እንጂ፣ አንተ ሞኝ! አንተን ምን ብሎ ይነክስሃል?" እያለ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ሳቁ ቆመ፣ እንባው ግን አልቆመም። በመዳፉ ጠረገውና ወደ አጥሩ ተመለከተ።

"እናቴ ናት የተከለችው። አንዲት ቅጠል በጆንያ ጠቅልላ ከገበያ አምጥታ። እኔ እጄን አላነሳበትም" አለ። ወደ እኛ ዞረና፣ "እናንተ ግን እንግዶቼ ናችሁ። እንግዳን እንዴት እከለክላለሁ?" አለ። ወንበሩን አዙሮ ጀርባውን ለአጥሩ ሰጠ።

ቀኑን ሙሉ ቆረጥን። ወንዶቹ በመንሽ ወደ ጉድጓድ ይጎትታሉ፣ እኛ ሥሩን በዶማ እንነቅላለን። ከቀትር በኋላ በጎረቤት በኩል ያለው አጥር ተከፈተ። ማዶ ጎረቤታቸው ላላ ሀኒያ ባልዲ ይዛ ቆማለች። እሷና የጊዝላን እናት ላላ ታሞ በሠርግና በለቅሶ ይገናኛሉ፤ የልባቸውን ወሬ የሚያወሩት ግን ሁልጊዜ ማለዳ ማለዳ፣ በአጥሩ ግራና ቀኝ ሆነው ነበር። አሁን ፊት ለፊት ሲተያዩ ሁለቱም አፈሩ።

"ታሞ፣ እንዲህ አርጅተሻል እንዴ?" አለች ላላ ሀኒያ በመጨረሻ።

"አንቺስ፣ የፊት ጥርስሽን የት ጣልሽው?"

ተሳሳቁ። ከዚያ ላላ ሀኒያ "እንዲህ እያየሽኝስ ማውራት አልችልም" አለችና ፊቷን ወደ ቤቷ አዙራ፣ ማለዳ ስለ ምራቷ የጀመረችውን ወሬ በዚያው ቀጠለች። ላላ ታሞም ዞረች። ጀርባ ለጀርባ ሆነው ሲያወሩ እኛ ሥራችንን ትተን እናዳምጥ ነበር።

ሥራው ሲያልቅ ዙሄር ምንጣፍ ላይ በሆዱ ተኝቶ፣ ላላ ታሞ እሾሁን በወረንጦ ትነቅልለታለች። "ምን ዓይነት ቆዳ ነው ልጄ፣ ቅቤ እኮ ነው!" ትላለች። ጊዝላን አጠገቡ ቁጢጥ ብላ "ሆድ ድርቀቱስ እንዴት ነው?" አለችው። ከዚያ የምሳ ሰዓት ወዲህ የመጀመሪያ ቀልዷ ነበር።

ይኸው ስንት ዓመት ሆነን። እኔ ወደ ተራራው አገሬ፣ ወደ ፖም ዛፎቹ ተመለስኩ። ጊዝላን የሰብል ዘር ምርመራ ቤት ትሠራለች። ዙሄር፣ ማን ያምናል፣ የረሓምና የግብርና ሠራተኛ ሆኖ ተባዩን የሚቋቋመውን አዲስ የበለስ ዝርያ ያከፋፍላል። ሲ ቡዓዛ አንድ መስመር ተክሎ፣ ቁመቱ ጉልበት እስኪደርስ አይቶት ሞተ።

ባለፈው ነሐሴ ከጊዝላን ጋር እነሱ ቤት ሄጄ ከአዲሱ በለስ በላሁ። ጣፋጭ ነው። እንደ ድሮው ግን አይደለም፤ ወይም ያኔ የነበርኩት እኔ አይደለሁም። ላላ ሀኒያን ልጆቿ ወደ ካዛብላንካ ወስደዋታል። ላላ ታሞ ማለዳ ትወጣና ትደውልላታለች፤ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ ፊቷን ወደ ትንሹ ቁልቋል መልሳ፣ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ታወራለች።