ቀኙ ከእኔ፣ ግራው ከእሷ

መርካቶ ጫማ ተራ ውስጥ ጥንድ ጫማ አይሰቀልም። ጥንድ ከተሰቀለ ሌባ አንስቶት ይሮጣል፤ አንድ እግር ግን ለሌባ ምን ያደርግለታል? ይህን ነጋዴው ሁሉ ያውቃል። የሐጂ ሙናዊር ቤት ግን ከዚህም አልፎ ሄዷል። ልጃቸው ሰሚር ከመተላለፊያው በዚህ በኩል ሱቅ አለው፤ እህቱ ኢክላስ ደግሞ ፊት ለፊቱ። ከዱባይ አንድ ጥንድ ብቻ የገባ ጫማ ሲኖር ሐጂ ቀኙን ለእሱ፣ ግራውን ለእሷ ያካፍላሉ። አንዱ ጋ ገዢ ሲመጣ ወደ ማዶ ይጮሃል፤ ማዶ ያለው የጫማውን ጓደኛ ይዞ ይመጣል። በአንድ ጫማ ሁለት ሱቅ ያጌጣል። ብልጠት ነው፤ ሁለት ገዢ በአንድ ጊዜ እስኪመጣ ድረስ።

የመጣነው እኔና ጽጌሬዳ ነን።

እኔ ሠርኬ እባላለሁ፣ የአማኑኤል ሰፈር ልጅ ነኝ። እሑድ እንጦጦ ላይ የተራራ ሩጫ ማጣሪያ ነበረን። ክለቡ የሚወስደው አንዲት ሴት ብቻ ነው። ካለፍኩ ደሞዝ አለ፣ ካምፕ አለ፣ ከሦስት እህቶቼ ጋር የማልጋፋበት አልጋ አለ። ካላለፍኩ ደግሞ ቀበሌያችን ኮብልስቶን ከሚያነጥፉት ወጣቶች ጋር አደራጅቶኛል፤ ሰኞ መዶሻ ይዤ ልንበረከክ ነው። ሥራውን አልናቅኩትም። ግን ድንጋይ ላይ መብረር የምችል ልጅ፣ ድንጋይ ስጠርብ ማንም እንዲያየኝ አልፈልግም።

የነበረኝ ጫማ የአስፋልት ነው። ሶሉ ተበልቶ ተበልቶ እንደ ሳሙና ለስልሷል። ባለፈው ማጣሪያ ቁልቁለቱ ላይ ጠጠሩ ከዳኝና በመቀመጫዬ ተንሸራተትኩ። ያን ቀን በላዬ ዘልላ ያለፈችው ጽጌሬዳ ናት። «ይቅርታ» አላለችም። እኔም ብሆን አልልም ነበር፤ ግን የወደቅኩት እኔ ነኛ።

ስለ ጫማ ያስተማረኝ ሰው የለም። ያስተማሩኝ የተነቀሉ ጥፍሮቼ ናቸው። የተራራ ጫማ ሶሉ ጥርስ ይኑረው፤ ጥርሱም ጭቃ እንዳይዝ ተራርቆ ይሰካ። ተረከዝ ይጨብጥ። በእጅ ሲያጥፉት ጣት ጋ ይታጠፍ እንጂ ወገቡ ላይ አይሰበር። ከሁሉም በላይ ከፊት ቦታ ይኑረው። ቁልቁለት ላይ እግር ወደ ፊት ይሄዳል፤ ጣት ሄዶ ሄዶ ግድግዳ ካገኘ ጥፍሩን እዚያው ጥሎ ይመለሳል።

ዓርብ ቀትር ሊሆን ሲል ሰሚር ሱቅ ስደርስ ለጁምዓ ሊዘጋ እየተጣደፈ ነበር።

«ምን ልስጥሽ፣ የኔ ቆንጆ?»

«የተራራ መሮጫ። ሠላሳ ስምንት።»

ሮዝ ቶርሽን ጫማ አወጣልኝ። ጎኑ ላይ ቢራቢሮ ተለጥፎበታል።

«ምንድነው ይሄ?»

«የሴት ነዋ።»

«ሰርግ አልተጠራሁም እኮ። ድንጋይ ላይ ነው የምሮጥበት።»

«ቀላል ነው፣ ደግሞ ያምርብሻል። ሴት ልጅ ከባድ ጫማ ምን ያደርግላታል?»

«ለእህትህ ሽጥላት።»

«እህቴ አትሮጥም።»

«ይሄን አድርጋ እንዴት ትሩጥ!»

ትቼው ልወጣ ዞር ስል አየሁት። ከጣሪያው በሽቦ የተንጠለጠለ ጥቁር ጫማ፣ ቀኝ እግር። ጥርሱ እንደ ትራክተር ጎማ ነው። አስወረድኩት። አጠፍኩት፤ ጣቱ ጋ ታጠፈ። ተረከዙን በአውራ ጣቴ ጫንኩት፤ አልሰመጠም። አደረግኩት። ከፊቱ ያለው ቦታ ትንሽ አሳሰበኝ፤ ግን የሱቁ ወለል ደልዳላ ነው፣ እኔም ቸኩያለሁ፣ እንዲህ ያለ ሶል ደግሞ መርካቶን ዞሬ ዞሬ አላገኘሁም።

«ወላሂ አላተርፍበትም» አለ ዋጋውን ነግሮኝ።

«ወላሂን ለጫማ አታውለው፣ ጁምዓህ ይበላሻል።»

ተጨቃጨቅን። ሁለት ጊዜ ወጣሁ፣ ሁለት ጊዜ ጠራኝ። በመጨረሻ ገንዘቡን ቆጥሮ ኪሱ ከተተና አንገቱን ወደ ማዶ አሰገገ።

«ኢክላስ! የጥቁሩን ግራ!»

ኢክላስ በዚያው ሰዓት ወደዚህ እየጮኸች ነበር። «ሰሚር! የጥቁሩን ቀኝ!»

ወደ ማዶ ዞርኩ። በኢክላስ ሱቅ በር ላይ፣ ግራ እግሯን ጥቁር ጫማ ውስጥ ከትታ፣ ቀኟን በካልሲ ካርቶን ላይ አሳርፋ የቆመችው ጽጌሬዳ ነበረች።

«አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አለችኝ።

«ቅቤ ልገዛ መጥቼ።»

«አውልቂው፤ ከፍዬበታለሁ።»

«እኔስ ተመርቆልኝ ነው?»

«የአማኑኤል ልጅ መሆንሽ ያስታውቃል» አለች፣ ሰፈሬ ያለውን የአእምሮ ሆስፒታል ማለቷ ነው።

«እኔስ ሰፈሬ ሆኖ ነው። አንቺ ነሽ እንጂ ከሰባተኛ ሰፈር ድረስ ለሆስፒታሉ ወረፋ የምትመጪው።»

ጆንያ የተሸከመ ሰውዬ ከነሸክሙ ቆሞ ሳቀ። ከኋላው ያለው ተሸካሚ «ዞር በል፣ ዕቃ!» ብሎ ገፋው። በሁለቱ ሱቆች መካከል ሰው መሰብሰብ ጀመረ። ሰሚርና ኢክላስ ደግሞ የራሳቸውን ጠብ ከፈቱ።

«ገንዘቧን መልሺላት!»

«ለምን አንተ አትመልስም? ከጠዋት ጀምሮ የገባልኝ ይሄ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ከመለስኩ ቀኔ ምን ሊሆን ነው?»

«የእኔም የመጀመሪያ ነው።»

«እስካሁን ተኝተህ ነዋ!»

ሐጂ ሙናዊር ውዱእ አድርገው፣ እጅጌያቸው እንደተጠቀለለ ከመጋዘኑ ወጡ። «ምንድነው ይሄ ጩኸት? ሰላት ሊደርስ ነው!» አሉ። አራታችንም በአንድ ላይ ነገርናቸው። መጀመሪያ ልጆቻቸውን ገላመጡ፤ አካፋዩ ራሳቸው መሆናቸውን የረሱ ይመስል ነበር። ከዚያ የእኔንና የጽጌሬዳን እግር ተራ በተራ አዩ።

«ጫማ የእግር ነው» አሉ። «ሁለታችሁም ሁለቱንም አድርጋችሁ እዚያ ሳንቃ ላይ ሂዱበት። ለማን ልክ እንደሆነ ዓይን ይፍረድ።»

መተላለፊያው ጫፍ ላይ ዕቃ የሚያራግፍ አይሱዙ ቆሟል፤ ከጭነቱ እስከ መሬት ረጅም ሳንቃ ተጋድሞለታል። ተሸካሚዎቹ እየተነጫነጩ ለቀቁልን።

እኔ ቀደምኩ። ሽቅቡን እንደ ፍየል ወጣሁት፤ ሶሉ እንጨቱን ይነክሳል። ቁልቁል ስዞር ግን ግራ እግሬ ወደ ፊት ሾለከና አውራ ጣቴ ከጫማው አፍንጫ ጋር ተላተመ። ደግሜ ረገጥኩ፤ ደግሞ ተላተመ። ግራዬ ከቀኜ እንደሚበልጥ ረስቼው ነበር። ይሄን ሳንቃ በሦስት እርምጃ ጨረስኩት፤ የእንጦጦ ቁልቁለት ግን በሦስት እርምጃ አያልቅም።

«እንዴት ነው?» አሉኝ ሐጂ።

ጽጌሬዳ ዓይኗን ፊቴ ላይ ተክላለች።

«ለእኔ የተሰፋ ነው፣ ሐጂ።»

ተቀበለችኝ። ወጣች፣ ዞረች፣ ወረደች። እኔ ፊቷን ትቼ ጫማውን አየሁ። በእያንዳንዱ እርምጃ ጣቷ የጫማውን አፍንጫ ከውስጥ እየገፋ እንደ እባጭ ያሳብጠዋል። ከእኔም ይብሳል። እሷ ግን አገጯን ቀና አድርጋ «ለእኔ ነው» አለች።

ያኔ ነገሩ ገባኝ። እሑድ ይሄን ጫማ ያደረገች ልጅ ሽቅቡን ትመራ ይሆናል፤ ቁልቁለቱን ግን እያለቀሰች ነው የምትጨርሰው። ልስጣት። ሙሉውን፣ ግራና ቀኙን፣ ከነማሰሪያው ልስጣት። ግን በፈገግታ ብሰጣት ትጠረጥራለች። ስለዚህ ተዋጋሁላት።

«ሬሳዬን ተራምደሽ ነው የምትወስጂው!» አልኩና ጫማውን ስታወልቅ ቀኙን ከእጇ መነጨቅኩ።

«ለመራመዱማ ለምጄዋለሁ፤ ባለፈው ያለፍኩብሽን ረሳሽው?»

«ሰው ሲወድቅ የምትዘይ ጅብ!»

«አንቺ ሁልጊዜ ትወድቂያለሽ። ምን ላድርግሽ፣ ልዘልሽ አይደል!»

ሰዉ ሳቀ። ጆሮዬ ጋለ፤ ለአፍታ የምሬን ተናደድኩና ጫማውን በእውነት ላስቀረው ነበር። እጇ ግራው ላይ ጠበቀ። እኔ በጮህኩ ቁጥር ጫማው በዓይኗ ሲያምር ይታየኛል። ከአንዋር መስጊድ አዛን ተነሳ። ሐጂ እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ።

«በቃ! አዛን እያለ ክርክር የለም። አንዳችሁ ለፈጣሪ ብላችሁ ልቀቁ። አለበለዚያ ቆልፌበት ነው የምሄደው።»

ዓይኔን በመዳፌ አሸሁት፤ እንባዬ ሲጠሩት የሚመጣ ዓይነት አይደለም። ከዚያ ቀኙን ደረቷ ላይ ወረወርኩላት።

«እንኪ! ቁርጥማት ይሁንብሽ!»

ጽጌሬዳ ሁለቱን በማሰሪያቸው አቆራኝታ አንገቷ ላይ አንጠለጠለችና ሄደች። ሐጂ ግን መረቁኝ። «ልጄ፣ ተሸንፈሽ ሳይሆን ትተሽ ነው። አላህ በተሻለ ይካስሽ» አሉ። «አሜን» አልኩ። ምርቃት በሐሰት ላይ ቢወርድም ምርቃት ነው፤ አልመልሰውም።

ሰሚር መዝጊያውን ግማሽ ድረስ አውርዶ ቆሟል። ገንዘቤን መመለስ ጨንቆታል። ከመደርደሪያው ሥር እየጎረጎረ ከሰልባጅ ቦንዳ የወጣ አንድ ጥንድ አወጣ። የወንድ ነው፣ ሠላሳ ዘጠኝ፣ ቀለሙ የታመመ ሕፃን ዳይፐር ላይ የሚገኘውን ይመስላል።

«ይሄስ? ያምርብሻል» አለ፣ አሁን እየቀለደብኝ።

አጠፍኩት። ጥርሱ ዳር ዳሩ ትንሽ ተበልቷል፤ መሐሉ ግን ሙሉ ነው። ሳንቃው ላይ ወጥቼ ወረድኩ። ጣቶቼ ውስጡ ዘና ብለው ተኙ። ተረከዙ ይላላል፤ ገበር ከጨመርኩበትና ወፍራም ካልሲ ካደረግኩ ይይዛል።

«የሴት ጫማ የትኛው እንደሆነ ዛሬ ተማር» አልኩትና ይዤው ሄድኩ። ቅዳሜን ገበር ስቆርጥለት፣ ሰፈራችን ያለውን ዳገት ስወጣና ስወርድበት ዋልኩ። እናቴ ቀለሙን አይታ «ከየት አነሳሽው?» አለች። ማታ ጽጌሬዳ ቁልቁለቱ ላይ ስታነክስ እያሰብኩ በደስታ ተኛሁ።

እሑድ እንጦጦ ላይ ጭጋጉ ገና አልለቀቀም። ልጆቹ እግራቸውን ያፍታታሉ፤ አሰልጣኝ ዘመድኩን ፊሽካውን እያወዛወዘ ይዞራል። ጽጌሬዳን ፈለግኳት። ጥቁሩን አድርጋ መጥታለች። ግን የጫማው አፍንጫ የለም። የሁለቱንም ፊት በምላጭ ከጣቷ ሥር እስከ ጎኑ ሸልታ ጥላዋለች። አሥሩም ጣቶቿ በፕላስተር ተጠቅልለው ከሶሉ በላይ ተደርድረዋል።

ሳያት አየችኝ። ከዚያ ጣቶቿን አወዛወዘችልኝ።

ሽቅቡን እሷ መራች፤ ያን ጠብቄ ነበር። ባሕር ዛፉን አልፈን ድንጋያማው ጋ ስንደርስ ከኋላዋ ተለጠፍኩ። አናቱን ዞረን ቁልቁል ስንል «አሁን!» አልኩ ለራሴ። የተሸለተ ጫማ ለጣት ቦታ ይሰጣል፤ ድንጋይ ግን አይከለክልም። የመጀመሪያው ድንጋይ ጣቷን ሲያገኘው ድምፅ አወጣች። ሁለተኛው ላይ ፕላስተሩ ተፈትቶ ከኋላዋ ተጎተተ። ከዚያ በኋላ በረገጠችው ድንጋይ ላይ ቀይ ነገር እያየሁ ነው የወረድኩት። በጮኸች ቁጥር አሁን ትቆማለች፣ አሁን ትዞራለች እላለሁ። እሷ ግን በጮኸች ቁጥር ትፈጥናለች። ስትሳደብም ይሰማኛል፤ ድንጋዩን ይሁን እኔን አልለየሁም።

እኔ አልወደቅኩም። ዳይፐሩ አልከዳኝም፤ ጠጠሩን ነከሰ፣ ጭቃውን ተፋ፣ ጥፍሬን አልነካም። ያለኝን ሁሉ ሰጠሁ። መስመሩ ጋ ስንደርስ ክንዴን ብዘረጋ ማልያዋን እይዛለሁ፤ ያም ሆኖ ቀደመችኝ። ሰበብ የሚሆነኝ አንድ ነገር እንኳ አልነበረኝም።

ዘመድኩን ስሟን ጠራ። ልጆቹ አጨበጨቡ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ የማሰሪያዬን ቋጠሮ መፍታት ጀመርኩ፤ ነገ ሰኞ ነው።

«አንቺ!» አለች ከኋላዬ። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እግሯን ዘርግታለች። ያበጠው እግሯ ጫማውን ሞልቶት አልወልቅ ብሏል። «ነይ ሳቢልኝ።»

«ሌላ ሰው ጥሪ።»

«ሌላ ሰው ዓይኑን አላሸልኝም።»

ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም፤ እግሬ ሄደ።

«ሳንቃው ላይ ግራሽ ሲላተም አይቻለሁ» አለች። «እኔንም ጠቦኝ ነበር። አንቺ መተው አሰብሽ፣ እኔ መሸለት።»

«ካወቅሽ ያን ሁሉ ሰዓት ለምን ተጣላሽኝ?»

«አንቺ ለምን ተጣላሽኝ?»

ጎንበስ አልኩ። ጣቶቿን አየኋቸው፤ የሁለቱ ጥፍር የለም።

«ጀግና ነሽ ልልሽ አይደለም» አልኳት።

«ማን ጠየቀሽ? ሳቢ።»

ተንበረከክኩ። ተረከዙን በአንድ እጄ፣ ደም ያለበትን ሶል በሌላው ያዝኩ።

«ቀስ በይ እሺ!»

«ቀስ ማለቱን ሩጫው ላይ ጨርሼዋለሁ» አልኩና በሙሉ ኃይሌ ጎተትኩ።