የዶክተሯ ቀለም ቀቢ

«የአባትሽ ፎቶ አሁንም አልተገኘም?» አለች እናትየው።

«እየፈለግኩት ነው እማ» አለች ትልቋ ልጅ፣ የቡና ስኒ የሞላ ትሪ ይዛ እንደቆመች።

ለቅሶ የተቀመጡበት ቤት ዕቃው ገና ያልተፈታ አዲስ ቤት ነበር። ሶፋው ከነላስቲኩ ቆሟል፤ የወንበሮቹ እግር የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ለቀስተኛው ካርቶን ላይ ይቀመጣል። ትናንት አንድ ወፍራም ዘመድ «ሰሃን» የሚል የተጻፈበት ላይ ተቀምጠው ውስጡ ቀጭ ሲል፣ በዚያ ሁሉ ሐዘን መሀል ሳቅ አምልጦ ነበር።

ልጅቷ ፎቶውን እየፈለገችው አልነበረም። የት እንዳለ ታውቃለች፤ ራሷ ናት በፎጣ ጠቅልላ በወፍራም ልብሶች ካርቶን ውስጥ የቀበረችው። አባቷ በሞተ ማግስት፣ እናቷ ገና ደረቷን እየመታች ሳለ፣ ደበቀችው። አባቷን ከገዛ ለቅሶው የደበቀች ልጅ! ይህን ባሰበች ቁጥር ፊቷ ይነድዳል፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትወድዳለች።

ምክንያቱ ፊት ለፊቷ ተቀምጠው ቡና ይጠጣሉ፤ የላይኛው ፎቅ ጎረቤት፣ ጡረታ የወጡት ሴት ዳኛ ናቸው። ቡናውንም በፔርሙዝ ያመጡት እሳቸው ናቸው።

«ዶክተር፣ አንቺ እኮ አንዴም አልተቀመጥሽም» አሉ። «ያ ቀለም ቀቢሽስ የት ገባ? እንዲህ ባለው ቀን ስኒ እንኳ ያቀባብልሽ ነበር።»

ትሪውን ወደ ቀጣዩ ለቀስተኛ አዞረች። «ሄዷል» አለች።

«ሳይጨርስ? የእኔን ኮሪደር አንድ እጅ ብቻ ቀብቶ፣ ‹ሲደርቅ እመለሳለሁ› ብሎኝ ነው የወጣው። ሲመጣ ላኪልኝ እንጂ። ጨዋታውማ ለብቻው ነው!»

ወደዚህ ቤት ከገቡ ገና ወር አልሞላቸውም። የጥርስ ሐኪሟ ልጅ ወላጆቿን ከአሮጌው ቤት አውጥታ «እኔ ጋ ኑሩ» ስትል፣ አባቷ የለመናት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ግድግዳውን ሌላ ሰው እንዳይነካው። ዕድሜ ልኩን ቀለም ቀቢ ነበር። ገና ሻንጣው ሳይከፈት መሰላሉን ዘረጋ።

ዳኛዋ እንኳን ደህና መጣችሁ ለማለት ብቅ ያሉት ያን ጊዜ ነው። መሰላሉ ላይ ያለውን፣ ከራስ ጠጉሩ እስከ ጫማው ቀለም የተረጨበትን ሽማግሌ ቀና ብለው አዩ። «እንዴት ያለ እጅ ነው! ከየት አገኘሽው?»

አባቴ ነው ለማለት አፏን ከፈተች። ከአፏ የወጣው ግን «የምናውቀው ሰው ነው» የሚል ነበር። ለምን? የአባቷ ሱሪ ጉልበቱ ላይ ተቀዷል፤ የዳኛዋ ሽቶ ክፍሉን ሞልቶታል። ይኸው ነው። ከዚህ የሚሻል ምክንያት ፈልጋ አጥታለች።

መሰላሉ ላይ ብሩሹ ቀጥ አለ። ከዚያ አባቷ ወደ ታች አየና፣ «እትዬ፣ ይሄኛው ይደገም ወይስ ይበቃዋል?» አላት። የገዛ ልጁን፣ እትዬ ብሎ! ዓይኑንም ጠቀሰላት። ዳኛዋ «እባክሽ ለእኔም አውሺኝ» ሲሉ፣ «እትዬ ከፈቀዱ» ብሎ ባልዲውን አንጠልጥሎ ተከተላቸው። ነገ እነግራቸዋለሁ አለች ልጅቷ። ነገ ደግሞ ነገ አለው። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል የሚሉት የእሷን ውሸት አላዩም። አንድ ቀን አባቷ ከምሳ በኋላ ጋደም እንዳለ ሳይነሳ ቀረ።

ወንድሟ ሰሃን ከሰበሩት ዘመድ አጠገብ ተቀምጦ ያወራል። «ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሰው ልጅ ሽርሽር ይሄዳል፤ እኛ ተመልሰን ትምህርት ቤት!»

እውነቱን ነው። በረጅሙ ዕረፍት አባታቸው ባዶ ትምህርት ቤቶችን ይቀባ ነበርና ልጆቹን ይዟቸው ይሄዳል። ወንበሮቹን ደርድረው ባቡር ይነዳሉ፤ ዳቦና ቲማቲማቸውን በአስተማሪው ጠረጴዛ ላይ ይበላሉ። የግድግዳው የታችኛው ግማሽ ሰማያዊ የዘይት ቀለም ሲቀባ አባታቸው፣ «ባሕሩ መጣ! እርጥቡን የነካ ሰጠመ!» ብሎ ይጮኻል። እነሱም ሲሚንቶው ላይ በሆዳቸው ተኝተው ይዋኛሉ። እሱም ብሩሹን ጥሎ አብሯቸው የዋኘበት ቀን አለ።

ያን የመሰለ ደስታ ዳግመኛ አላየችም። ትምህርት ሲከፈት ግን አስተማሪዋ «ዕረፍቱን የት አሳለፋችሁ?» ስትል፣ አባቷ የቀባው ግድግዳ ሥር ተቀምጣ «ባሕር ዳርቻ፣ ሆቴል» ትል ነበር።

«ትዝ አለሽ?» አላት ወንድሟ። ከእጁ ባዶውን ስኒ ተቀበለችው።

«አባትሽን ሳላውቃቸው መቅረቴ ይቆጨኛል» አሉ ዳኛዋ ወደ እሷ ጠጋ ብለው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አንድ ሕንፃ ውስጥ እየኖርን! ለመሆኑ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?»

«የሚገርመው» አለች እናትየው ከወዲያ፣ «ሰዉ ለማን እንደሚያለቅስ እንኳ አላየም።»

ልጅቷ ትሪውን መሬት አስቀመጠች።

«አይተውታል እትዬ» አለች። «ኮሪደርዎን የቀባው እሱ ነው።»

ዳኛዋ አልገባቸውም። «ማን?»

«ቀለም ቀቢዬ አይደለም። አባቴ ነው። ያን ቀን… አፈርኩበት።»

ዳኛዋ ስኒያቸውን የሚያስቀምጡበት ጠፍቷቸው ጭናቸው ላይ ያዙት። «ሻይ ሰጥቻቸው ነበር» አሉ። «ልብሳቸው ሶፋዬን እንዳያበላሽብኝ ብዬ… ደረጃው ላይ ነው ያስቀመጥኳቸው። ‹እዚህ ነፋስ አለ፣ ይሻለኛል› አሉኝ።»

ልጅቷ ወደ እናቷ ዞረች። እርግማን ጠብቃ ነበር፤ ቢመጣ ደስ ባላት።

«ነግሮኛል» አለች እናትየው። «‹ልጅሽ ቀጠረችኝ› ብሎ እየሳቀ ነው የነገረኝ። እኔም ሳቅኩ።» ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሳበች። «እራቱን ግን አልበላም።»

ልጅቷ ወደ መኝታ ቤት ገባች። ካርቶኑን ቀድዳ፣ ካፖርቶቹን ወዲያ ወዲህ ወርውራ፣ ፎጣውን አወጣች። አባቷ በዚያች አንድ ሙሉ ልብሱ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፤ ፎቶ አንሺው ያስጨነቀው ይመስላል።

ይዛው ስትመለስ በሳሎኑ ግድግዳ ላይ አንድ ምስማር እንኳ አልነበረም። ወንድሟ ካርቶን ገፋ አደረገላት። «እዚህ ላይ አቁሚው።»

አልሰማችውም። ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ ፎቶውን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛ ቆመች። ክንዷ መንቀጥቀጥ ሲጀምርም አላወረደችውም።

በሩ ተከፈተና የሥራ ባልደረቦቿ ገቡ፤ ንጹሕ የለበሱ፣ ሽቶ ሽቶ የሚሉ። የፊተኛዋ ፎቶውን አየችና በሹክሹክታ፣ «ማን ናቸው?» አለቻት።

«አባቴ ነው» አለች። «ቀለም ቀቢ ነበር።»

ቀጥሎ የገባው ምንም አልጠየቃትም። ለእሱም ነገረችው።